«አደገኛ» የሚለው ቅጽል በሕግ ፊት

ከዚህ በታች የምንመረምረው መጽሐፍ ከታተመ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1981 (የዘመን አቆጣጠሩ፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ የአውሮፓውያን ነው) በእንግሊዝ አገር የወጣው የጂን ፍላውድና የዋረን ያንግ «አደገኛነትና የወንጀል ፍትሕ»፣ ሃዋርድ ሊግ የተባለው ለእስረኞች አያያዝ መሻሻል የሚሠራ ማኅበር ያቋቋመው ኮሚቴ የደረሰበትን ሐሳብ የያዘ ጥናት ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ፍላውድ በካምብሪጅ የኒውንሃም ኮሌጅ ኃላፊ የነበሩ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ነበሩ። እንዲህ ያለውን አሮጌ መጽሐፍ ዛሬ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። መጽሐፉ የሚያራምደውን ዓይነት አስተሳሰብ ይዘው የወጡ ሕጎች ያደረሱት ጉዳት አሁን በቁጥር ታውቋል፤ «አደገኛ» የሚለው ቃልም በአገራችን ሕግ ገብቶ ምን እንደ ሠራ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን።

የጥናቱ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ወንጀል ያልሠራ ሰው ሁሉ ለሌላው ክፉ እንደማያስብ ተገምቶ በነፃነት የመኖር መብት አለው፤ ይህንንም ግምት ማንም ሊነፍገው አይችልም። በሰው ላይ ከባድ ጉዳት አድርሶ በፍርድ የተረጋገጠበት ሰው ግን ይህን ግምት በገዛ እጁ አፍርሶታል። ስለዚህ ወደ ፊት ይደርሳል ተብሎ የሚፈራውን አደጋ በታወቀው ጥፋተኛና ባልታወቀው የነገ ተጠቂ መካከል ማከፋፈል የፍትሕ ጥያቄ ይሆናል፤ ሸክሙንም ጥፋተኛው ቢሸከመው ግፍ አይባልም። ጸሐፊዎቹ ትንበያ ብዙ ጊዜ እንደሚስት አልካዱም። በተሳሳተ ትንበያ ታስሮ የሚቆየው ሰው ግን ቀድሞ ያጠፋ በመሆኑ፣ በእነርሱ አመለካከት፣ እንደ ንጹሕ ሰው አይቆጠርም።

ይህን ሐሳብ በንቀት የሚያልፉ ሰዎች፣ በእኛ አስተያየት፣ ክርክሩን ገና አልጀመሩትም። አደጋው ተረት አይደለምና። በ2005 በእንግሊዝ አገር፣ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በአመክሮ የተለቀቀ አንድ ሰው ከእስር ቤት በወጣ ዓመት ሳይሞላው አንዲት እናት ገደለ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው የአመክሮ አገልግሎት ዋና ተቆጣጣሪ ሪፖርት፣ ባለ ሥልጣኖቹ ስለ ታራሚው መብት ሲጨነቁ የሕዝቡን ደኅንነት በሚገባ አለመጠበቃቸውን ሳይሸሽግ ተናግሯል። በእነዚያ ቤተሰቦች ፊት ቆሞ ስለ ታራሚ መብት ለመናገር ድፍረት ብቻውን አይበቃም። ፍላውድና ያንግ ለዚህ ስሙ ለማይታወቅ ተጠቂ በሕግ ሚዛን ላይ ቦታ መስጠታቸው የመጽሐፉ ትልቁ ቁም ነገር ነው፤ ብዙ የመብት ተሟጋቾች ይህን ቦታ ባዶ ትተውታል።

ችግሩ የሚጀምረው ከትንበያው ነው። በ1966 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባክስትሮም በተባለ ሰው ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ምክንያት፣ «አደገኛ» የተባሉ 967 የአእምሮ ሕሙማን በኒው ዮርክ ጥብቅ ጥበቃ ካለባቸው ተቋሞች ወደ ተራ ሆስፒታሎች ተዛወሩ፤ ብዙዎቹም ውለው አድረው ወደ ሕዝቡ ተቀላቀሉ። ስቴድማንና ኮኮዛ የተባሉ ተመራማሪዎች ለዓመታት ተከታትለው በ1974 ባሳተሙት ጥናት እንደ ታየው፣ የተፈራውን የፈጸሙት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ዕውቀት የተገኘው ፍርድ ቤት ስላስገደደ እንጂ ሐኪሞቹ ደፍረው ስለ ለቀቋቸው አለመሆኑ ነው። የታሰረ ሰው አደገኛ አለመሆኑን የሚያስመሰክርበት አጋጣሚ የለውም፤ በስሕተት የተተነበየበት ሰው በር ተዘግቶበት ስለሚኖር ስሕተቱም አብሮት ይታሰራል። ተለቆ ያጠፋው ግን በማግሥቱ በጋዜጣ ይወጣል። በ1983 ደግሞ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ራሱ፣ ለረጅም ጊዜ የሚደረግ የአደገኛነት ትንበያ ከሦስት ሁለቱ እንደሚሳሳት ለዚያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት አመልክቶ ነበር። ዳኞቹ በአብላጫ ድምፅ ምስክርነቱ ይሰማ አሉ፤ ጉዳዩ የታየለት የቴክሳስ ፍርደኛም በሚቀጥለው ዓመት በሞት ተቀጣ።

ከትንበያው ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ግን የክርክሩ አሠራር ነው። ጥያቄው አደጋን የማከፋፈል ብቻ ከሆነ፣ የቀድሞ ፍርድ ለምን አስፈለገ? ያልተፈረደበት ሆኖ ከተፈረደበት የበለጠ የሚያስፈራ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል። ጸሐፊዎቹ እርሱ አይታሰር ሲሉ የሚመልሱት በአደጋ ስሌት ሳይሆን «አላጠፋምና» በሚል ምክንያት ነው። ይህ ምክንያት ሰው የሚቀጣው በሠራው ልክ ነው ከሚለው ጥንታዊ ሐሳብ የተበደረ ነው። ተበድረውም መልሰው ያፈርሱታል፤ ምክንያቱም የሥራውን ልክ ቅጣት የፈጸመ ሰው ዕዳውን ከፍሏል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚታሰርበት ቀን በጥፋቱ ስም ሊጠራ አይችልም። ከዚህ ላይ ቦተምስና ብራውንስዎርድ የተባሉት ሊቃውንት በ1982 የሰጡት መልስ ይበልጥ ያረካናል፦ ፍርዱን የጨረሰ ሰው መለቀቁ መብት እንጂ ችሮታ አይደለም፤ ይህ መብት የሚገፋውም አደጋው ከባድ፣ ቅርብና እርግጠኛ፣ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ሲሆን ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት የወረቀት ላይ ልዩነት አለመሆኑን ያሳየው በ2003 ወጥቶ ከ2005 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ የተሠራበት «ለሕዝብ ጥበቃ» የተባለው የእስራት ሕግ ነው። ፍላውድ ጥበቃው በከባድ ጉዳት ብቻ ተወስኖ እንዲቆይ ፈልገው ነበር፤ ሕጉ ግን 153 ዓይነት ወንጀሎችን ዘረዘረ። ቀደም ሲል ከእነዚህ በአንዱ የተፈረደበት ሰው፣ ዳኛው ይህ ምክንያታዊ አይደለም ካላለ በስተቀር፣ አደገኛ ነው ተብሎ ይገመት ነበር። ዳኛው ለጥፋቱ የሚመጥን ዝቅተኛ ጊዜ ይወስናል፤ ከዚያ በኋላ ግን እስረኛው የሚወጣው የአመክሮ ቦርድ አደጋው ቀንሷል ሲል ብቻ ነው። ዝቅተኛው ጊዜ ከሁለት ዓመት በታች የሆነባቸው ብዙዎች ነበሩ። አደጋው ለመቀነሱ ማስረጃ የሚሆነው በእስር ቤት የሚሰጥ ኮርስ ነው፤ ኮርሱ ደግሞ በብዙ እስር ቤቶች አልነበረም፤ ባለበትም ወረፋው ረጅም ነበር። ሰውዬው ያልተከፈተ ትምህርት ቤት የምስክር ወረቀት አምጣ የተባለ ተማሪ ሆነ። መንግሥት የእስረኛው ቁጥር በ900 ያህል ይጨምራል ብሎ ሲገምት፣ ሕጉ በ2012 እስኪሻር ድረስ ከ8,700 በላይ ፍርዶች ተሰጡ። በዚያው ዓመት የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ኮርሱን ሳያቀርቡ ማሰርን የነፃነት መብት መጣስ ነው አለ። መሻሩ ግን ወደ ኋላ አልሠራም። በ2022 የእንግሊዝ ፓርላማ የፍትሕ ኮሚቴ ሁሉም እንደገና ይፈረድላቸው ብሎ ያቀረበውን ሐሳብ መንግሥት አልተቀበለውም፤ በ2024 ሕጉ ከተሻረ አሥራ ሁለት ዓመት እየሆነው፣ አንድም ቀን ያልተለቀቁ ከሺህ የሚበልጡ ሰዎች በዚሁ ፍርድ እስር ቤት ነበሩ። ሕጉን ያወጡት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ዴቪድ ብላንኬት በኋላ መጸጸታቸውን ተናግረዋል። ራሳቸውን ያጠፉት እስረኞች ይህን ለመስማት አልቆዩም።

የጀርመን መንገድ ይለያል፤ የመነሻው ታሪክም ከእንግሊዙ የከፋ ነው፤ ከቅጣት በኋላ የሚደረገው «የጥበቃ እስራት» የወጣው በ1933 በናዚዎች ዘመን ነውና። በ2009 የአውሮፓው ፍርድ ቤት፣ በ2011 ደግሞ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አጠቃቀሙን ነቀፉ። የሁለተኛው ውሳኔ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ቅጣቱን የጨረሰ ሰው የሚያዘው ለሌሎች ሲባል ስለ ሆነ፣ አኗኗሩ ከእስር ቤት በግልጽ የራቀ፣ ሕክምናውም የተሟላ ሊሆን ይገባል። ፍላውድ ሸክሙን ለጥፋተኛው ሲያሸክሙ ሕዝቡ ለተሸካሚው ምን ይከፍለዋል የሚለውን ጥያቄ የጀርመን ዳኞች በተሻለ ሁኔታ ጠይቀዋል። አደራረጉ እንከን የለሽ ነው አንልም።

ወደ አገራችን እንምጣ። በቋንቋችን «አደጋ» የሚደርስ ነገር ነው፤ ይመጣል፣ ያልፋል። «አደገኛ» ሲባል ግን፣ እንደ ነገረኛና እንደ ጉልበተኛ፣ የሰውዬው ጠባይ ሆኖ ይቀራል። በ1996 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው አደገኛ ቦዘኔነትን ስለመቆጣጠር የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 384 ይህን ቅጽል የሰጠው ከባድ ወንጀል ለተፈረደበት ሰው ሳይሆን፣ መሥራት እየቻለ የታወቀ መተዳደሪያ ለሌለውና በአዋጁ ከተዘረዘሩት አድራጎቶች በአንዱ ለተገኘ ሰው ነው። ፖሊስ ያለ መያዣ ትእዛዝ ሊይዘው ይችላል። ፍላውድ የማይደፈር ያሉት ድንበር፣ ማለት ያልተፈረደበት ሰው ነፃነት፣ እዚህ ገና ከመነሻው ተሻግሯል። በ2005 ከምርጫው በኋላ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ታፍሰው ወደ ደዴሳና ወደ መሰል ካምፖች በተጋዙ ጊዜ የተለጠፈባቸው ስም ይኸው «አደገኛ ቦዘኔ» ነበር። የእንግሊዙ ሕግ ቢያንስ ፍርድ ከሰጠ በኋላ ነበር የሚተነብየው።

በአገራችን የሙግት ልማድ አደጋን የሚሸከም ስም ያለው ሰው ነበር፤ ዋስ ይባላል። ዋሱ ሰውዬውን ያውቀዋል፤ ቢያጠፋ የሚጠየቀው እርሱ ስለ ሆነ ትንበያውን በገዛ ንብረቱ ያስይዛል። ከፍላውድ የአደጋ ክፍፍል ጋር ብናስተያየው፣ ሸክሙ ለሦስተኛ ወገን በፈቃዱ የሚሰጥበት አሠራር ነው። ለከባድ ነፍሰ ገዳይ ይበቃል አንልም፤ ለመንደር ወጣት ግን ከበቂም በላይ ነው። በ1995 በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የዋስትናን መብት ሲያውቅ፣ በልዩ ሁኔታ የሚከለክለው ፍርድ ቤት እንዲሆን ነበር። አዋጅ ቁጥር 384 በአደገኛ ቦዘኔነት የተጠረጠረ ሰው በዋስ አይለቀቅም ብሎ ደነገገ። እናት አባት፣ የዕድር ዳኛ፣ የሰፈር ሽማግሌ ችሎት ድረስ ቢመጡም ዳኛው «ዋስ ጥራ» ለማለት ሥልጣን አልነበረውም።