የአራስ ቤት ስፌት

«ስፌቱንስ ምን አደረግሽው?» ስላት ጓደኛዬ በአገጯ ወደ ቁም ሳጥኑ አናት ጠቆመችኝ። በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ተቀምጧል። «እሱን ተይው፤ ልጅቷ እስክታድግ ቀረ» አለችኝ። ልጇ በ80 ቀኗ ክርስትና ተነስታ፣ የጠያቂው እግር ጋብ ብሎ፣ ከወለደች ወዲህ ገና እንደ ልባችን የተጫወትንበት ከሰዓት ነበር። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጡት፣ ወደ ሥራ ስለምትመለስበት ቀን አውርተን አውርተን ነው እዚህ የደረስነው። የተናገረችው በምሬት አይደለም፤ እናት የሆነ ሰው ሁሉ የሚደርስበት ነው ብላ ተቀብላዋለች። እኔን ያሳሰበኝም ነገሩን እንዲህ በቀላሉ መቀበሏ ነው።

እኔ ወስፌ የያዝኩት በልጅነቴ ነው፤ እስካሁንም ከእጄ አልወጣም። ከዚህ ተነስቼ የማምንበትን ልናገር፦ አዲስ እናት ብዙ ነገር መተው ግድ ይላታል፤ ስፌት ግን ከሚተዉት ሁሉ መጨረሻ መሆን ይገባዋል።

ምክንያቱ ያለው ሥራው ውስጥ ነው። ሸክላ ሠሪ ጭቃውን ጀምራ ብትተወው ይደርቅባታል፤ ይሰነጠቅባታል። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ካልተቀመጠ አይሸምንም፤ ዕቃውም ከተተከለበት አይነሳም። ስፌት ግን ከጭን ላይ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ስንደዶው በጥቅሉ ይያዛል፤ አክርማው በላዩ ይጠመጠማል፤ ወስፌው ያለፈውን ዙር ጠርዝ ይወጋል፤ የአክርማው ጫፍ በቀዳዳው ገብቶ ይሳባል፣ ይጠብቃል። ሥራው በሙሉ ይኸው ነው። አንዴ ወግታ፣ አንዴ ጠምጥማ፣ ልጅ አለቀሰች ብላ ብትነሳ፣ ጫፉን ሸጎጥ ካደረገችው የተሰፋው አይፈታም። በማግስቱም፣ በወሩም፣ በዓመቱም ካቆመችበት ትቀጥላለች። በእንዝርት ከሚፈተለው ጥጥ በቀር እንዲህ እናትን የሚታገስ የእጅ ሥራ አላውቅም።

ነጠላውን አውርደን ፈታነው። ግማሽ የደረሰ ሙዳይ ነው። የታችኞቹ ዙሮች የተጠጋጉ፣ አክርማቸው እኩል የተሰነጠቀ ነው። ወደ ላይ ሲመጣ አንድ ቦታ ላይ ጥምጥሙ ይላላል፤ በአክርማው መሐል ስንደዶው ብቅ ብቅ ብሎ ይታያል። «ሆዴ ገፍቶ፣ ወገቤ አላስቀምጥ ሲለኝ የሰፋሁት ነው፤ መፈታቱ አይቀርም» አለችኝ። አትፍቺው አልኳት። የሚቀጥለው ዙር የላላውን ጠርዝ ወግቶ ስለሚያልፍ፣ አክርማው ጠበቅ ተደርጎ ከተሳበ ከሥሩ ያለውንም ይሰበስበዋል። ስንደዶ በሳሳበት ላይ ሁለት ሦስት ዘለላ ከጥቅሉ መሐል ሰክቶ ውፍረቱን መመለስም ይቻላል። ሰፊ ሙያዋን የምታሳየው የላላውን ተቀብላ በቀጣዩ ዙር በማቃናት ነው፤ ድካም ያየው እጅ የሠራውን ሁሉ የሚፈታ ሰው ሙዳይ አይጨርስም።

ታዲያ ሥራው ይህን ያህል ታጋሽ ከሆነ የአራስ ቤት ስፌት ለምን ይቆማል? ጊዜ ጠፍቶ ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ጊዜው ጠባብ ነው፤ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ግን ሥራውን የሚገታው ከሁሉ በላይ ዝግጅቱ ይመስለኛል። ደረቅ አክርማ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ አስቀድሞ መሰንጠቅ፣ ከዚያ በውኃ መራስ አለበት። ልጅቷ ተኝታ እናት ይህን ስትል የተገኘችው ግማሽ ሰዓት ታልቃለች። ስለዚህ ዝግጅቱንና ስፌቱን መለየት ነው። አክርማው በአንድ ሰፊ ቀን ተሰንጥቆ በእስር በእስር ይቀመጥ፤ ጠዋት ጠዋት ለዚያ ቀን የሚበቃው ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅለል፤ የተረፈው እንዳይሻግት ማታ ይሰጣ። እንዲህ ከተደረገ ወስፌ ከማንሳት እስከ መውጋት ያለው መንገድ አጭር ይሆናል።

የሚሰፋውም ነገር ይመረጥ። መሶብ እግሩ፣ ገበታው፣ ክዳኑ ብዙ ወራት የሚጠይቅ ነው፤ ለዚህ ዘመን አይሆንም። የጀበና ማቶት ጥቂት ዙር ነው፤ ትንሽ ሙዳይም ከጭን አይተርፍም። በአለላ ጥለት ማውጣት የምትወድ ሰው ደግሞ ቆጠራ የሚበዛበትን ጥለት ለጊዜው ታቆየው። ስንት ጠምጥሜ ነበር እያለች ለመቁጠር የሞከረችው እናት ልጅ ባለቀሰ ቁጥር እንደ አዲስ ልትጀምር ነው። ሙሉ ዙሩን በአንድ ቀለም፣ ቀጥሎ ያለውን በሌላ መስፋት ቆጠራ አይጠይቅም፤ ያቆመችው ዙር ራሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ይነግራታል።

ስለ ወስፌው ደግሞ በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ልጅ ገና ሳትገለበጥ በፊት ያለው ጊዜ ለስፌት የሚመቸው ነው። መዳህ ስትጀምር ግን ወስፌ ስፌቱ ላይ ተሰክቶ መሬት የሚቀመጥበት ልማድ ያበቃል፤ ሰገባ ይሠራለት፣ እጇ በማይደርስበት ይሰቀል። አለላ ሲያዝ ቀለሙ እጅ ላይ ስለሚወጣ ልጅ ከማንሳት በፊት መታጠብ ነው። ስንደዶ ሲራገፍ ብናኝ አለው፤ ይህ ሥራ ከደጅ፣ ልጅ በሌለችበት ይሠራ።

የድሮውን ማሳመር አልፈልግም። አክርማና ስንደዶ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ከየመስኩ ይሰበሰባል፤ የገጠር እናት ይህን የምታደርገው እንጀራ የምታቀርብበት፣ እህል የምታበጥርበት ዕቃ ስለሚያስፈልጋት ነው። ከወለደች በኋላም ውኃውና ወፍጮው ይጠብቃታል። ለእርሷ ስፌት የቤት ግዴታ ነው። ለጓደኛዬና ለእኔ ግን የመረጥነው ነገር ነው፤ ጓደኛዬ ሙዳይ ባትሰፋ ቤቷ የሚጎድልበት ዕቃ የለም፤ ፕላስቲኩ ከየሱቁ ሞልቷል። በቀላሉ የሚተወውም ስለዚህ ይመስለኛል፦ ከእርሷ በቀር የሚፈልገው ሰው የለም።

ስፌቱ መያዝ አለበት የምለውም በዚሁ ምክንያት ነው። አራስ እናት ቀን ሙሉ ትሠራለች፤ የሠራችው ግን ማታ አይታይም። ጡቱ ተጠብቶ ያልቃል፤ ሽንት ጨርቁ ታጥቦ ይቆሽሻል፤ የተኛችው ልጅ ትነቃለች። ይህ ሁሉ ፍቅር ነው፤ ዋጋውም ትልቅ ነው። ነገር ግን ሰው የእጁን ፍሬ ቆሞ ማየት ይፈልጋል። የተሰፋ ዙር አይመለስም፤ ትናንት ከነበረበት በአንድ ጣት ከፍ ያለ ሙዳይ «ዛሬ ይህን ሠርቻለሁ» ይላታል። ጓደኛዬ የልጇ እናት ናት፤ ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ ጋርም፣ አለላ ስታዋህድ ዓይን የምትስብ ሰፊ ናት። ልጇ ይህቺንም ሴት ልታውቃት ይገባል።

ይህ ደግሞ በእናት ብርታት ብቻ አይሆንም። ስፌት ለብቻ ቢሠራም ሰፊዎች አብረው ተቀምጠው ነው የሚውሉት፤ ያንዷ ልጅ ካንዷ ጭን ወደ ሌላዋ ይዞራል። በከተማ ቤት ውስጥ ያ ጭን ጠፍቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት ግን 3 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። በ3 ቀን ውስጥ አባት ልጁን አቅፎ ማስተኛት እንኳ አይለምድም። ስለዚህ አባት ከሥራ ሲገባ ልጁን ተቀብሎ አንድ ዙር እስኪሞላ ይያዝ፤ ይህ ውለታ አይደለም፣ ድርሻው ነው።

እኛ ጠያቂዎችም ልማዳችን ጥሩ ነው፤ የገንፎ ዱቄት፣ ቅቤ፣ የአጥሚት እህል ይዘን እንገባለን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን፣ በልተን ጠጥተን፣ ልጅቷን አይተን እንወጣለን። የእጅ ሥራ ወዳድ እናት ቤት ስንሄድ ግን አንድ ነገር እንጨምር፤ ተሰንጥቆ የታሰረ አክርማ፣ ወይም እንደየሙያዋ ክር ወይም ወረቀት ይዘን እንግባ። ከዚያ እጃችንን ታጥበን ልጇን እንቀበላት፤ ቡናውንም ሌላ ሰው ያፍላ። እናቲቱ ልትተኛ ከፈለገች ትተኛ፤ እንቅልፍ ይቀድማል። ወስፌ ላንሳ ካለች ደግሞ «አሁን ደግሞ ስፌት!» ብለን አናሳቅቃት። ልጅ እስኪያድግ መጠበቅ ረጅም ነው፤ አንድ ዙር ግን ከእኛ አንዱ ቁጭ ብሎ ልጅ ከያዘ ዛሬም ይሰፋል።