ጀግናው ደምቆ ሙያው የደበዘዘበት ፊልም

ስለ አሜሪካ አየር ኃይል ልዩ ኃይል ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ተኩሶ የሚጥለውን ነው። በዚያው ኃይል ውስጥ ግን ዋና ተግባሩ ነፍስ ማዳን የሆነ ክፍል አለ፤ ፓራሬስኪው ይባላል፣ አባላቱም «ፒጄ» በሚል አጭር ስም ይታወቃሉ። በቶድ ሮቢንሰን ድርሰትና ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የታየው «ዘ ላስት ፉል ሜዠር» የአንዱን ፒጄ፣ የዊልያም ፒትሰንባርገርን እውነተኛ ታሪክ ይዞ ቀርቧል።

በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 1966 ከሳይጎን በስተምሥራቅ ባለ ጫካ፣ 134 ወታደሮች የነበሩት አንድ የአሜሪካ እግረኛ ሻምበል በጠላት ተከበበ። ወታደሮቹ ቁስለኞቻቸውን በቃሬዛ አስረው ሊወስዳቸው ወደ መጣው ሄሊኮፕተር ማስወጣት ተቸገሩ። የ21 ዓመቱ ፒትሰንባርገር ይህን ከሄሊኮፕተሩ ላይ ሆኖ ሲያይ በፈቃዱ በብረት ገመድ ተንጠልጥሎ ወረደ። ዘጠኝ ቁስለኞች ወጡ። ሄሊኮፕተሩ በተኩስ ሲመታ እሱም መውጣት ይችል ነበር፤ ነገር ግን «ሂዱ» ብሎ በእጁ ምልክት ሰጥቶ እዚያው ቀረ። ቁስል እያሰረ፣ ከሞቱት ጥይት ሰብስቦ ለሚዋጉት እያደለ ቆይቶ ተገደለ። ከሻምበሉ ከመቶ ሰማንያ ያህሉ ሞቱ ወይም ቆሰሉ።

ፊልሙ ታሪኩን የሚተርከው ግን ከጫካው ሳይሆን ከቢሮ ተነስቶ ነው። ስኮት ሃፍማን የተባለ ልብ ወለድ ባለሥልጣን ፒትሰንባርገር ከፍተኛው የክብር ሜዳሊያ ይገባው እንደሆነ እንዲመረምር ይታዘዛል፤ ከጦርነቱ የተረፉትንም አንድ በአንድ ያነጋግራል። የፊልሙ ብርታት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ፒተር ፎንዳ በመጨረሻ ሥራዎቹ በአንዱ ሌሊት እንቅልፍ የማይጠጋውን ዘማች ሆኖ ይሠራል። ሳሙኤል ጃክሰን የጸጸት ሸክም ያጎበጠውን ዘማች፣ ክሪስቶፈር ፕላመር ደግሞ ታሞ የልጁን ክብር የሚጠብቀውን አባት ይጫወታሉ። ጦርነት ከተረፈውም ሰው ላይ የሚወስደውን ነገር በእነሱ ፊት ላይ እናነባለን።

ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የሜዳሊያው መዘግየት በፖለቲከኞች ሤራ የመጣ ተደርጎ መቅረቡ ነው። እውነታው ከዚህ ይልቅ ተራ፣ ስለዚህም ይበልጥ አሳዛኝ ነው፤ በ1966 በቂ የምስክር ቃል አልተሰበሰበም ተብሎ ሽልማቱ ወደ አየር ኃይል መስቀል ዝቅ አለ። ያንን ያስተካከለው የተረፉትን ፈልጎ ቃላቸውን የመመዝገብ አድካሚ ሥራ ነው። ሤራው ይህን ሥራ ሸፍኖታል።

ሁለተኛው የሚያስቆጨው ነው። አንድ የ21 ዓመት ወጣት በተኩስ መካከል እጁ ሳይንቀጠቀጥ ቁስል ማሰር ከየት ተማረ? የፓራሬስኪው መነሻ እ.ኤ.አ. በ1943 በበርማ ጫካ አውሮፕላናቸው ለወደቀባቸው መንገደኞች በፓራሹት ወርደው የደረሱት ሐኪም ዶን ፍሊኪንገርና ሁለት ረዳቶቹ ናቸው። ዛሬ ጠቆር ያለውን ቀይ መለዮ የሚያደርግ ፒጄ ከፓራሹት ዝላይ እስከ ውሃ ጠለቃ፣ ከውጊያ እስከ ድንገተኛ ሕክምና ሁለት ዓመት ገደማ ይሠለጥናል። ፊልሙ ስለዚህ ሥልጠና እምብዛም አይነግረንም። ጀግንነቱ በዚያች ቀን ድንገት የወረደለት ጸጋ ይመስላል። የሥልጠናውን ድካም ማሳየት የሰውየውን ክብር አይቀንስም፤ እንዲያውም ሌላውም ሊደርስበት የሚችል ያደርገዋል።

ሜዳሊያውን አባቱ የተቀበሉት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 2000፣ ልጃቸው ከሞተ ከ34 ዓመት በኋላ ነው። ፊልሙ ይህን ቀን በሚገባው ክብር ያሳየናል፤ ለትወናው ሲባልም መታየት ይገባዋል። ለአንድ ሰው የሚገባውን ክብር መልሷል። ሰውየውን ለዚያ ቀን ያበቃው ሙያ ግን አሁንም የሚተርክለት ፊልም ይፈልጋል።