ዜማዋን እንዳትለቋት

በፈረንሳይ የቧንቧ ኦርጋን ኮንሰርት መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ ለተጫዋቹ አጭር ዜማ የተጻፈባት ወረቀት ትሰጠዋለች። እሱም ከእሷ ተነስቶ፣ ያለ ኖታ፣ እዚያው በተቀመጠበት ሙሉ ሙዚቃ ይፈጥራል። ቅኔ ሲዘረፍ ሰምታችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም። ጥሩውን ከመካከለኛው ለመለየትም የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልግም። ዜማዋ መጀመሪያ ለብቻዋ ስትሰማ ሁለት ሦስት ጊዜ በልባችሁ አንጎራጉሯት፤ ከዚያ በኋላ እንዳትለቋት።

ጎበዝ ተጫዋች እጅ ውስጥ ዜማዋ ትኖራለች። በቀጭን የዋሽንት ድምፅ የሰማናት፣ ከደቂቃዎች በኋላ በእግር ከሚመቱት ወፋፍራም ቧንቧዎች ከብዳና ዘግይታ ትመጣለች። ደግሞ ተገልብጣ ትሰማለች፤ ደግሞ ሦስት ኖታዋ ብቻ ተቆርጦ የጭፈራ ምት ይሆናል። መልኳ ይለዋወጣል እንጂ እሷነቷ አይጠፋም። ደካማው ግን አንድ ጊዜ ያሰማትና ይረሳታል፤ ከዚያ ወዲያ ጣቶቹ የለመዱትን ሩጫ ነው የሚሮጡት። “ይህ ሰው ሌላ ዜማ ቢሰጠውም ይህንኑ ይጫወት ነበር” የሚል ጥርጣሬ ከመጣባችሁ፣ ጆሯችሁን እመኑት።

ሁለተኛው መለኪያ ቅርጽ ነው። ፈረንሳዊው ኦርጋን ተጫዋች ማርሴል ዱፕሬ እ.ኤ.አ. በ1921 በፊላዴልፊያ፣ ዋናሜከር በተባለ ትልቅ መደብር ውስጥ በነበረው ኦርጋን ሲጫወት ከቤተ ክርስቲያን ዝማሬ የተወሰዱ ዜማዎች ተሰጡት። ዜማዎቹን እንዳየ የክርስቶስ ሕይወት ታየው፦ ዓለም መሲሑን ስትጠብቅ፣ ልደት፣ ስቅለት፣ ትንሣኤ። ባለ አራት ክፍል ሲምፎኒ እዚያው ፈጠረ። በኋላ በጽሑፍ ያሰፈረው ይህ ሥራ ዛሬም ይደመጣል። ከመነሻው መድረሻውን ማየት ማለት ይህ ነው።

በድምፅ ብዛት ደግሞ አትታለሉ። የፓሪሱ ኖትር ዳም ካቴድራል ኦርጋን ወደ 8000 የሚጠጉ ቧንቧዎች አሉት፤ አብዛኞቹ በአንድነት ሲከፈቱ ደረት ያንቀጠቅጣሉ። ለዚህ ግን ጥበብ አያስፈልግም። ከባዱ ዝምታው ነው። አንድ ድምፅ በድንጋዩ ጣሪያ ሥር ለሰከንዶች ይንከራተታል፤ አዋቂው እጁን አንስቶ እስኪከስም ይጠብቀዋል፣ የሚቀጥለውንም በዚያ ላይ ያሳርፋል። ችኩሉ ድምፅ በድምፅ ላይ ከምሮ ያደፈርሰዋል።

ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ ለመስማት በዚሁ ካቴድራል እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 2024 የተቀረጸውን ፈልጉ። ኦርጋኑን እ.ኤ.አ. በ2019 ካቴድራሉ ላይ የደረሰው እሳት ባያቃጥለውም የእርሳስ ብናኝ ስለወረሰው ተፈታትቶ ጸድቷል። ካቴድራሉ ዳግም በተከፈተበት በዚያ ምሽት ሊቀ ጳጳሱ ኦርጋኑን እንዲነቃ ስምንት ጊዜ ጠሩት፤ አራት ኦርጋን ተጫዋቾችም ተራ በተራ እየተቀመጡ በዚያው ቅጽበት በፈጠሩት ሙዚቃ መለሱላቸው። ስታደምጡ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ እያንዳንዱ መልስ የተጠራበትን ቃል ይመስላል?

ፓሪስ የምትኖሩ ወይም የምታልፉ ካላችሁ ቲኬት እንኳ አያስፈልጋችሁም። እሑድ በኖትር ዳም ወይም በሳን ሱልፒስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው ሲያልቅ ሕዝቡ ወደ በር ይጎርፋል። ኦርጋኑ ግን ያኔ ነው በነጻነት የሚናገረው፤ ብዙ ጊዜም የሚያሰማው በዚያው ሰዓት የተፈጠረውን ነው። እባካችሁ፣ እስኪጨርስ ቁጭ በሉ።