«ባዶ እንዳትተዪ»

መቼም ነርስ «ሲስተር» የምትባለው ተመርቃ ሥራ ከያዘች በኋላ ነው ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ የፍኖተ ሰላምንና የቡሬን ሰፈሮች አታውቋቸውም ማለት ነው። እዚያ ልጅቱ ኮሌጅ ተመዝግባ ነጭ ጋዋን ካሰፋች በቃ፣ የመጀመሪያውን ሰሚስተር እንኳ ሳትጨርስ ሰፈሩ «ሲስተር» ይላታል። ደም ግፊት ያለባቸው ጎረቤት ክኒናቸውን ይዘውላት ይመጣሉ። ለሕፃን የታዘዘው ሽሮፕ በትንሹ ማንኪያ ነው በትልቁ ተብላ የምትጠየቀው እሷ ናት። አያቷ ጉልበታቸውን ገልጠው ይጠብቋታል። ማዕረጉ ቀድሞ ተሰጥቷል፤ ፈተናው ኋላ ነው የሚመጣው። ያ ቀን ሲደርስ እንግዲህ ልጅቱ የምትቀመጠው ትምህርቷን ልትፈተን ብቻ አይደለም፤ በዱቤ የወሰደችውን ስም ልትከፍልም ነው።

ስለ ነርስ ተማሪዎች የፈተና ጭንቀት ሲወራ ሁለት ዓይነት ንግግር እሰማለሁ። አንደኛው «የዘንድሮ ልጆች ሰነፉ፣ ስልክ ላይ ተጥደው ይውሉና ሲወድቁ ተጨነቅን ይላሉ» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ውይ ልጆቹ፣ አእምሯቸው ተጎዳ፣ ምክር ይሰጣቸው» የሚለው። እንደሚመስሉት የተራራቁ አይደሉም። ሁለቱም ጉዳዩን ልጅቱ ጭንቅላት ውስጥ አስገብተው በሩን ይዘጉባታል። ያስተማራት፣ ክፍያ የተቀበላት፣ ጥያቄውን ያወጣው፣ ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል።

የእህቴን ልጅ ላንሳላችሁ። ስሙን በማልጠቅሰው የግል ኮሌጅ ነርሲንግ ተምራለች። አንድ ቀን ሲኒ እያጠበች መጽሐፏን ይዤ ጠየቅኋት። አንድ ሺህ ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት እንዲገባ ቢታዘዝ፣ መስመሩም ለአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚጥል ቢሆን፣ በደቂቃ ስንት ጠብታ ይሆናል? ቀና ሳትል «42 ገደማ» አለችኝ። እኔ በወረቀት አባዝቼና አካፍዬ እስክደርስባት ረከቦቱን አንሥታ ነበር። ይኸው ዓይነት ጥያቄ ፈተና ላይ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ሆነ። «ጋሼ፣ ቁጥሮቹ ይታዩኛል፤ ግን አንዱም አያናግረኝም» አለችኝ። እጇ አልቦ፣ ሆዷ ተላውሶ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ያወቀችውንም ያላወቀችውንም አጥቁራ ወጣች።

እናቷ ምን እንደሆነ ወዲያው ነው ያወቀችው። «ዓይነ ጥላ ነው» አለች፣ ጸበልም ይዛት ሄደች። የከተማ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኔ ግን አልስቅም። ያጠና፣ የሚያውቅ፣ ሲጠይቁት የሚመልስ ልጅ ፈተና ላይ ብቻ ሲከዳው አገሩ አይቶ ስም አውጥቶለታል ማለት ነው። አሜሪካኖቹ ጆርጅ ማንድለርና ሲይሞር ሳራሰን ይህንኑ ነገር በመጠይቅ ሊለኩት የተነሡት በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሊበርትና ሞሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች ጭንቀቱን ለሁለት ከፈሉት። አንዱ የሰውነት ነው፤ የልብ ምቱ፣ ላቡ፣ የሆድ መላወሱ። ሌላው የሐሳብ ነው፤ «ብወድቅስ? ሰው ምን ይለኛል? አባቴን ምን ብዬ አየዋለሁ?» የሚለው። ውጤት ላይ የበለጠ የሚበረታው ይህ ሁለተኛው ሆኖ ተገኘ። ልብ ቢመታ ይምታ፤ ችግሩ ለጥያቄው ሊውል የሚገባውን አእምሮ «ብወድቅስ» ሲይዘው ነው።

(በነገራችን ላይ የቆሎ ተማሪ ቀለም እንዲገባው ይጠጣዋል የሚባለውን አብሾ ለፈተና የሚመክሩ አሉ። ከአስተናግር የሚቀመም ከሆነ ውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለ፤ ስኮፖላሚን ደግሞ ትውስታን የሚያደበዝዝ ነው። የነርስ ተማሪ ይህን ባትስት ደስ ይለኛል።)

እንግዲህ ቁም ነገሩ ልጅቱ ፈራች አልፈራችም አይደለም፤ የምትፈራው ምኑን ነው? የእህቴ ልጅ የፈራችው ጥያቄውን አልነበረም። ክፍያዋ የበርበሬና የበቆሎ ገንዘብ ነው። በመጨረሻው ዓመት አንድ በሬ ተሸጧል። የአንድ በሬ መጥፋት ምን ማለት እንደሆነ ለጃቢ ጠህናን ገበሬ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ለአዲስ አበባ አንባቢ ግን ልንገር፤ ጥማዱ ተበተነ ማለት ነው፣ በሚቀጥለው ክረምት ከጎረቤት በሬ መለመን ማለት ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ የምትገኘዋን ማንኩሳን አገር ያወቃት በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ። የዚያች አገር ልጅ በዛብህ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት የዞረው እሱ ያልተሳለውን፣ ወላጆቹ በእሱ ሕይወት የተሳሉትን ስለት ነበር። የዛሬዋም የነርስ ተማሪ እንዲሁ ናት። ስለቱ ብቻ ተቀይሯል።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። ተማሪዎቹ ፈተና ሊገቡ ሲሉ ከመምህር የሚሰጣቸው የመጨረሻ ምክር «ባዶ እንዳትተዉ» ነው። የእህቴም ልጅ ይዛ የገባችው ይህንኑ ነው፦ «ባዶ እንዳትተዪ»። የማታውቂው ከሆነ ገምቺ፤ «ሐ» ብዙ ጊዜ ይመታል። ለተፈታኝ ጥሩ ምክር ነው፤ ከአራት አንድ ዕድል አለ። ለነርስ ግን ከዚህ የከፋ ምክር አላውቅም። ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይበረዝ በቀጥታ በደም ሥር ቢሰጥ ልብ ሊያቆም ይችላል። ብልቃጡ ደግሞ ከሌሎቹ ብልቃጦች ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ እያየች፣ እርግጠኛ ያልሆነች ነርስ ማድረግ ያለባት አንድ ነገር ነው፤ ባዶ መተው። «አላውቅም፣ ቆይ ልጠይቅ» ማለት። እኛ ሦስትና አራት ዓመት ሙሉ ያሠለጠንናት አለማወቋን እንድትደብቅ ነው። አላውቅም ያለች ተማሪ ክፍል ውስጥ ተስቆባታል፣ ዋርድ ላይ በሽተኛ ፊት ተሰድባለች፣ ፈተና ላይ ነጥብ አጥታለች። ከዚያ ማግስት ጋዋኑን አልብሰን የሰው ነፍስ እንሰጣታለን። የፈተና ጭንቀት የተማሪዋ የግል ችግር ነው ለሚሉኝ መልሴ ይህ ነው። ፍርሃቱ ከፈተና አዳራሹ ጋር አይቀርም፤ አብሯት ዋርድ ይገባል፤ አልጋው ላይ የተኛሁት እኔ ወይም እናንተ ልንሆን እንችላለን።

ታዲያ ፈተናው ይቅር? በፍጹም። የጤና ኮሌጅ እንደ ሱቅ በየሕንፃው በተከፈተበት አገር ማጣሪያ ያስፈልጋል። ጤና ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. ብሔራዊ የሙያ ብቃት ምዘና ሲጀምር ደግፌያለሁ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለሁሉም የዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና፣ ልጆቹ «ኤግዚት» የሚሉት ማለት ነው፣ ሲሰጥም ተቃዋሚ አልነበርኩም። የዚያን የመጀመሪያ ዙር ውጤት ግን አስታውሱ። በሁሉም የትምህርት ዘርፎች ከተፈተኑት ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ፣ ከግሎቹ ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ናቸው። መቶ ልጅ አስገብቶ፣ የመቶውንም ክፍያ እስከ መጨረሻው ተቀብሎ፣ 83ቱ ሲወድቁበት የወደቀው ማን ነው? ነጋዴ መቶ ኩንታል ማዳበሪያ ሸጦ ሰማንያ ሦስቱ አፈር ቢሆን ገበሬው ሰንፎ ነው አንልም።

እርግጥ ነው፣ የግል ኮሌጅ የሚገባው ልጅ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ አንድ ጊዜ የተመታ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀረው ልጅ «ወዳቂ» የሚል ማኅተም ግንባሩ ላይ ይዞ ነው አንዱ በር አልከፈት ሲለው ሌላውን ያንኳኳው፤ ደረጃ 4 ይማራል፣ ሲኦሲ ይጠብቃል። ቀድሞ የወደቀ ሰው ፈተና ሲያይ የሚያየው ወረቀቱን ሳይሆን የመጀመሪያውን ውድቀት ነው። በዚያ ላይ ዋርድ ሲላኩ አንዲት አልጋ በተማሪ ትከበባለች። ከኋላ የቆመው የሚያየው የጓደኛውን ማጅራት ነው። መርፌ መውጋትን በሐንድአውት ያጠናች ልጅ ስለ መርፌ ስትጠየቅ ብትደነግጥ ጭንቀት ነው ልበለው ወይስ ሐቀኝነት? ከጭንቀቱ አንዱ ክፍል በሽታ ሳይሆን ትክክለኛ መረጃ ነው። አልተማርሽም እያላት ነው።

ሌላም አለ። ኤግዚቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፣ በኮምፒውተር ነው። በሽተኛዋ ግን «ጎኔን ቀስፎ ይዞኛል» ነው የምትለው፤ «ሆዴን ቆረጠኝ»ና «ሆዴን ነፋኝ» የተለያዩ መሆናቸውን የምታውቀው ይህች ከሊበን ገጠር የመጣች ልጅ ናት። ይህ ዕውቀቷ በየትኛውም ምርጫ ውስጥ አይጠየቅም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ክልሉ ውስጥ ውጊያ ነበር፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በደረሰው ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰው መሞቱን የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ሰዎች ተናግረዋል። በዚያ ቀን ቁስለኛ የተቀበሉት ነርሶች ከአራት አንዱን ምረጡ አልተባሉም። በዚያ ዓመት ማጥናት የነበረባት ልጅና መብራትም ኔትወርክም ሳይጠፋባት ያጠናች ልጅ ፊት ግን የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፣ ሰዓቱም አንድ ነው። ጥያቄው አንድ መሆኑን አልቃወምም፤ በሽታውም አንድ ነውና። የምቃወመው ውጤቱ ሲነገር ዓመቱ እንዳልነበረ መረሳቱን ነው።

ጎጃም መቼም የፈተና አገር ነው። የቅኔ ቤቱ ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ዛሬ ቢበላሽበት ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። የሚመረቅበት ቀን ሲደርስ የሚባለው ቃል ደግሞ «አስመሰከረ» ነው። አብሮት የኖረ፣ ሲሳሳት ያየው፣ ሲያርም ያየው መምህር ይመሰክርለታል። (ረሃቡን፣ ውሻውንና ኩርኩሙን አልረሳሁም፤ ያንን መልሱ አላልኩም።) ፈተና የሚለው ቃል ግን ዘወትር በጸሎታችን እንዳንገባበት የምንለምነው መከራ ስም ጭምር ነው። አንዱን ቃል ትተን ሌላውን ስንወስድ ምን እንደወሰድን ልብ ያልን አይመስለኝም።

ይህ የቤተ ክህነት ወግ ብቻ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ ኮሚዩኒቲ ነርሱንና የንጽሕና ባለሙያውን በቡድን አድርጎ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር፤ ልጆቹ ሥራ ላይ ሆነው ይታዩ ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስኮትላንድ ውስጥ ዳንዲ ላይ ሮናልድ ሃርደን የሚባል ሐኪም፣ ተማሪው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየዞረ በእጁ ሠርቶ የሚታይበትን ምዘና አስተዋወቀ። የእኛም ትምህርት ቤቶች «ኦስኪ» ብለው ያውቁታል። ውድ ነው፣ ሰው ይፈልጋል፣ ስለዚህ የምርጫ ጥያቄው ያሸንፋል።

ርካሽ ነገርም አለ። ራሚሬዝና ቤይሎክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ ተማሪዎች ፈተና ከመጀመራቸው በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል ፍርሃታቸውን ወረቀት ላይ እንዲጽፉ ሲደረግ የሚጨነቁት ውጤት ተሻሽሎ ተገኝቷል። አሥር ደቂቃና አንድ ወረቀት ነው። እኛ ግን ያንን አሥር ደቂቃ የምናውለው በር ላይ አሰልፈን አጠሬራ ፍለጋ ጫማና ፀጉር በመፈተሽ ነው። መፈተሹ ይፈተሽ፤ ኮራጅ ነርስ አልፈልግም። ግን ልጅቱ ወንበሯ ላይ ስትደርስ እንደ ሌባ ተዳብሳ መሆኑን አንርሳ።

ባለፈው ፍኖተ ሰላም ስሄድ አስፋልቱ ዳር «ምዝገባ ጀምረናል» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተወጥሮ አየሁ። ጥራት የሚል ቃል ሁለት ጊዜ አለበት፣ ስልክ ቁጥሩም ሦስት ነው። ገባሁና ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችውን ልጅ በትሕትና ጠየቅኋት፤ ባለፈው ዓመት ስንት ነርስ አስፈትናችሁ ስንት አለፉ? ክፍያውን፣ የመመዝገቢያውን ቀን፣ የጋዋኑን ዋጋ በቃሏ ነገረችኝ። ያለፉትን ቁጥር ግን «እሱን ዲኑ ናቸው የሚያውቁት» አለችኝ። ዲኑን ጠበቅኋቸው። ሲመጡ ቁጥሩ «በግምት ጥሩ ነው» አሉኝ።