ድንጋይ ብቻ

በእኛ አገር ድንጋይ ስድብ ነው። ትምህርት አልገባው ያለ ልጅ «ድንጋይ ራስ» ይባላል። ቆሞ የቀረ ሰው «ምን እንደ ድንጋይ ትገተራለህ?» ይባላል። ድንጋይ ከእኛ ዘንድ ክብር የሚያገኘው ወይ የቤት መሠረት ሲሆን፣ ወይ ኮብልስቶን ሆኖ ሲነጠፍ፣ አለዚያም ንጉሥ አስፈልፍሎት ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ነው። የሰው እጅ ያልነካው ድንጋይማ ምን ሊያደርግልን!

ላሊበላንና የሰሜን ተራሮችን ውሰዱ። ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገቡን እ.ኤ.አ. በ1978 ሲከፍት መጀመሪያ የጻፋቸው 12 ቦታዎችን ነበር። ከ12ቱ ሁለቱ የእኛ ናቸው፤ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፣ ሌላው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። በአንድ ዓመት፣ በአንድ መዝገብ! ዛሬ መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሰው ስለ ላሊበላ ጠይቁት፤ ሄዶ ባያየውም ይተርክላችኋል። ስለ ሰሜን ጠይቁት፤ «ራስ ዳሽን ያለበት አይደል?» ብሎ ያቆማል። ስታዲየም ገብተን «ዋልያ! ዋልያ!» እያልን ጉሮሯችን እስኪዘጋ እንጮኻለን። ዋልያ ግን ከሰሜን ገደሎች ሌላ በዓለም ላይ የዱር ቤት እንደሌለው ስንቶቻችን እናውቃለን?

ያ ገደል ደግሞ ዝም ብሎ የተኮለኮለ ድንጋይ አይደለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ የፈሰሰ የቀለጠ ዐለት፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ የሠራው ነው። ከዚያ ወዲህ ዝናብና ወንዝ ሸረሸሩት፤ በብርዱ ዘመንም በረዶ ጠረበው። ዛሬ ከአፋፉ ወደ ታች 1,500 ሜትር ያህል የሚወርድ ገደል አለ። ልብ ብሎ ላየው ሰው ንብብሩ ከሩቅ መስመር መስመር ሆኖ ይታያል። ጭላዳ ማታ ማታ የሚያድረው እዚያው ገደል ላይ ነው። ዋልያም ከአዳኝ የተረፈው ገደሉ ስለሸሸገው ነው። ድንጋዩ ባይኖር ዋልያውም ባልኖረ!

እሺ፣ ያልሄደው አያውቅም እንበል። የሄድነውስ? እሜት ጎጎ የሚባለው አፋፍ 3,926 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ለመድረስ ጉልበት ይከዳል፣ ትንፋሽ ያጥራል። እኔ ያየኋቸው ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች ያን ሁሉ ደክመው ደርሰው፣ ለገደሉ ጀርባቸውን ሰጡት። ፎቶ ነዋ! በየተራ ቆሙ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ ዘለሉ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንደኛው፣ ጠመንጃቸውን ተደግፈው የተቀመጡትን ስካውት «አባባ፣ ከድንጋይ ሌላ የሚታይ ነገር የለም?» አላቸው።

«ለእናንተ ድንጋይ ነው ልጄ፤ ለእኔ ደጄ ነበር» አሉትና በእጃቸው ወደ ግጭ አመለከቱ።

ግጭ በፓርኩ ውስጥ የነበረ መንደር ነው። ሰሜን እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። የዋልያው ቁጥር መመናመን፣ እርሻና ግጦሽ፣ በፓርኩ የሚያልፈው መንገድ ጭምር አሳስበው ነበር። ከዝርዝሩ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ነው። ከዚያ በፊት ግን ከ400 በላይ አባወራዎች ከግጭ ተነሥተው ወደ ደባርቅ ሄደዋል። ካሳ ተከፍሏቸዋል። ሆኖም የአያቱን መቃብር ትቶ ለወጣ ገበሬ የካሳ ሒሳብ ሁሉን ነገር አይቆጥርም።

ፓርኩ መጠበቅ አልነበረበትም እያልኩ አይደለም፤ ነበረበት። የምለው ሌላ ነው። አንድ ሰው ቤቱን ለቅቆልን የምንቆምበት ቦታ ላይ እንግዳ ነን፤ እንግዳ ደግሞ ሥርዓት አለው። በምስማር «እገሌ እገሊትን ይወዳታል» ብሎ ዐለት መጫር፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ገደል መወርወር ምን የሚሉት እንግድነት ነው? እነዚያ ገበሬዎች ከብቶቻቸው ሣሩን እንዳይግጡ ተነሥተው፣ እኛ ቆሻሻ ልንተውበት?

ጥፋቱ የጎብኚው ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለውን ቦታ ሁሉ «የቱሪስት መስህብ» ብለን ስንጠራው ነው የሳትነው። ማየቱ ለፈረንጅ፣ ዶላሩ ለእኛ! እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ጦርነትና ግጭት የጎብኚውን መንገድ ደጋግሞ ሲቆርጠው፣ ፈረንጁ ቀረና ተራራውም ከአፋችን ጠፋ። እንጀራቸው የተቋረጠው ስካውቶችና በቅሎ አከራዮች ግን እዚያው ናቸው። አገሩን ለራሱ ሊያይ የሚወጣ የአገር ልጅ ቢበዛ ኖሮ፣ ተራራው ከወሬያችን እንዲህ በቀላሉ ባልጠፋ። ግን ልጆቻችን ላሊበላን ማን እንዳስፈለፈለ እንጂ ሰሜንን ምን እንደፈለፈለው መቼ ነገርናቸው?

እንግዲህ ሰላም ወርዶ መንገዱ ሲቀና መሄዳችሁ አይቀርም። ያኔ «ፎቶ የሚያምረው የት ጋ ነው?» ከማለታችሁ በፊት «እዚህ ማን ይኖር ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም ተቀምጣችሁ ስሙ። መቀመጫ አይቸግራችሁም፤ ድንጋይ ሞልቷል።