ለመሄድ የተሰፋ፣ ለመቀመጥ የተጠረበ

አገልግል ከውጭ ቆዳ ነው፤ ሲከፍቱት ሣር ነው። ሰፊዋ ከመሃል ትጀምራለች። አክርማና ስንደዶ ታዘጋጃለች፤ ያለፈውን ዙር በወስፌ እየወጋች አዲሱን በላዩ ትሰፋለች። ሆዱ ዙር በዙር እየሰፋ ይወጣል። ከዚያ የለፋ የፍየል ቆዳ ይለብሳል። ቆዳው እርጥብ ሳለ ተወጥሮ ይሰፋል፤ ሲደርቅ ሣሩን ጨብጦ ይቀራል።

የሚደንቀኝ ግን ክዳኑ ነው። በአፉ ጠርዝ ላይ አይቆምም፤ አልፎት ወደ ታች ይወርዳል። ዝናብ ቢዘንብ ውሃው ከክዳኑ ወደ ሆዱ ቆዳ ይወርዳል እንጂ መግቢያ አያገኝም። ማንገቻው ከሥር ተነሥቶ በጎን ወጥቶ ክዳኑ ላይ ሲታሰር፣ ስንቁ በከበደ ቁጥር ክዳኑ ይጠብቃል። ሸክሙ ራሱ መዝጊያ ሆነ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ዕቃ የሚያስፈልገው ለረጅም መንገድ ነው። እንጀራ ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም፤ ለሩቅ አገር ድርቆሽ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ይያዛል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን በገዙበት ዘመን (1878–1932 እ.ኤ.አ.) የሰሜን ሲራራ ነጋዴዎች በቅሎና አህያቸውን እየነዱ፣ ግቤን እየተሻገሩ ወደ ጅማው ሂርማታ ገበያ ይወርዱ ነበር። ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይገዛ ነበር፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከነጋዴዎቹ አንዳንዶቹ አልተመለሱም፤ ጅማ ቤት ሠርተው ቀሩ።

በ1977 እና 1978 ዓ.ም. የሆነው ጉዞ ግን ሌላ ነው። ድርቅ ከገባ በኋላ የዚያን ጊዜው መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው አንሥቶ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ወለጋና ወደ ሌሎች ቦታዎች አሰፈረ። በመኪናና በአውሮፕላን ተጫኑ። ሁሉም ወዶ አልሄደም፤ ከቤተሰቡ የተለያየም ብዙ ነው።

ጅማ የደረሰ ሰው የሚያገኘው በርጩማ የተሠራው በተቃራኒው መንገድ ነው። አገልግል በመጨመር ይሠራል፤ በርጩማ በመቀነስ። ጠራቢው አንድ የዋንዛ ግንድ ይቆርጣል። ዋንዛ በጅማ ዙሪያ ለቡና ጥላ የሚሆን ዛፍ ነው፤ ቀላል ነው፣ ለመሮም ይታዘዛል። ከላይ መቀመጫው ይጎደጎዳል፤ ከታች ሦስት እግር እስኪቀር ድረስ እንጨቱ ይወጣል። ምስማር የለም፤ ሙጫ የለም፤ መጋጠሚያ የለም። እግርና መቀመጫ አንድ እንጨት ናቸው። እርጥብ እንጨት ለመጥረብ ይቀላል፣ ግን ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ፀሐይ ሳይነካው በጥላ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ትዕግሥቱ እዚህ ላይ ነው፤ እጅ ከሥራው ከተነሣ በኋላም ሥራው አላለቀም።

እግሮቹ ሦስት መሆናቸው ለጌጥ አይደለም። አራት እግር በተስተካከለ ወለል ካልሆነ ይንገዳገዳል። ሦስት እግር በጭቃም፣ በድንጋያማ ደጅም፣ በአፈር ወለልም ጸንቶ ይቆማል።

ጅማ ገብተው በርጩማ የሚገዙ ከሆነ፣ ላዩን ብቻ አይተው ዋጋ አይቁረጡ። ይገልብጡት። እግሩ ከመቀመጫው በሚነሣበት ቦታ ላይ ጣትዎን ያስኪዱ፤ የእንጨቱ ጅማት ሳይቋረጥ ከላይ እስከ ታች ከወረደ ከአንድ ግንድ የወጣ ነው። መጋጠሚያ ወይም ምስማር ካገኙ ሌላ ሱቅ ይግቡ።