ለሪራ ምሽት የሚሆኑ ሦስት ሥራዎች

ከባሌ ጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርድ መንገደኛ፣ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ በብርድ ሲንዘፈዘፍ ቆይቶ ድንገት ቁልቁል ይታጠፍና በሐረና ጫካ አፋፍ ሪራን ያገኛል። ቀርከሃና ጉም የከበባት መንደር ናት። እንዲህ ባለ አገር ክረምት ሲገባ ሰው በጊዜ ቤቱ ይከተታል፤ ከራት በኋላ ያለው ሰዓትም ረጅም ነው። ዛሬ ያን ሰዓት የሚሞላው በአብዛኛው ስልክ ነው። ከተማ የወጣ ሰው ሚሞሪ ካርዱን አስጭኖ ይመለሳል፤ ቤተሰቡም በአንዲት ትንሽ መስኮት ዙሪያ ይሰበሰባል። ታዲያ ያ ካርድ ላይ ምን ቢጫን ይሻላል?

ሦስት ሥራዎች አሉኝ። ሁሉም የቅርብ ጊዜ ሥራዎች አይደሉም፤ አንዱ እንዲያውም የአባቶቻችን ዘመን ነው። የመረጥኳቸው ሠሪዎቹ ማንም ልብ በማይለው ቦታ ላይ ምን ያህል እንደተጨነቁ አይቼ ነው።

ከፊልም «ላምብ»ን አስቀድማለሁ። ያሬድ ዘለቀ የሠራው ይህ ፊልም በ2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል «አን ሰርተን ርጋር» በተባለው ክፍል ታይቷል፤ በካን ይፋዊ ምርጫ የተካተተ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልምም ነው። እናቱን ያጣው ሕፃን ኤፍሬም አባቱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲወርድ ዘመድ ቤት ይተወዋል። ከቀድሞ ኑሮው የቀረችለት ቹኒ የምትባል በጉ ብቻ ናት። አጎቱ ሰለሞን ደግሞ ለመጪው በዓል ሊያርዳት አስቧል። ልጁ ወደ አገሩ የሚመለስበትን የመኪና ገንዘብ ለማግኘት ሳምቡሳ እየሠራ ገበያ ይወጣል።

ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢይዘው ለቅሶ በለቅሶ ያደርገው ነበር። ያሬድ ግን ሐዘኑን ለልጁ እጆች ሰጣቸው። ኤፍሬም ወጥ መሥራት ይችላል። አጎቱ ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ ሲያየው ይቆጣል። ፊልሙ ስለ ወንድና ሴት ሥራ ስብከት አይጀምርም፤ የልጁን ጣቶች ብቻ ያሳየናል። ሊጥ ሲነካና ሲያጥፍ፣ እናቱ በሕይወት ሳለች እያየ የተማረው እንደሆነ ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ሥራ ይኸ ነው፤ የሞተችው እናት ፊልሙ ውስጥ በሙሉ በልጇ እጅ ሥራ በኩል አለች።

በጓንም ልብ በሉ። በግ ትወና አይማርም፤ «ሬዲ»፣ «አክሽን» ስለተባለ አይንቀሳቀስም። የካሜራ ባለሙያዋ ጆዜ ደሼ የምትሄደው ልጁና በጉ በሚሄዱበት ልክ ነው፤ ተራራው ሰፊ ሆኖ ይቆያል፣ ሁለቱ ትንንሽ ሆነው ያቋርጡታል። በግ ጠብቀው ያደጉ የባሌ ልጆች የውሸት እረኛ ወዲያው ስለሚለዩ እነሱ ፊት የማያፍር ፊልም ትንሽ ነገር አይደለም። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ። ቅድስት ስዩም የምትጫወታት ጽዮን፣ ማንበብ የምትወደውና ለመዳር እምቢ ያለችው ልጅ፣ የራሷ ፊልም የሚገባት ሆና ሳለ በኤፍሬም ታሪክ ጠርዝ ላይ ትቀራለች።

ለጆሮ የምመርጠው ፖድካስት የሚባል ነገር ከመታሰቡ በፊት የተሠራ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ደግሞ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው የሬዲዮ ዝግጅት ተረከው። ትረካው ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። መጽሐፉን ሳያነቡ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በወጋየሁ ድምፅ ብቻ የሚያውቁ ስንት አሉ!

ብዙ ሰው የሚያደንቀው ለእያንዳንዱ ባለታሪክ የተለየ ድምፅ መስጠቱን ነው። እውነት ነው፤ ግን ያን ሌላም ጎበዝ ተዋናይ ይሠራዋል። እኔን የሚያስገርመኝ ትንፋሹ ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ሐዲስ ደግሞ ረጅም ዓረፍተ ነገር አይፈሩም። ስለዚህ አንባቢው ጀምሮ እስኪጨርስ ድረስ ሰሚውን ተሸክሞ መሄድ አለበት። ትንፋሹ መሀል ላይ ካለቀ ግሡ ሞቶ ይደርሳል፤ ሰሚውም ማን ማንን ምን እንዳደረገ ይጠፋዋል። ወጋየሁ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ያውቃል። ሐሳቡ በሚታጠፍበት ቦታ ትንሽ ያርፋል፣ ቀጥሎ ያለውን ቀለል አድርጎ ያልፈዋል፣ ግሡ ላይ ሲደርስ ገና ትንፋሽ አለው። የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣም ሆነ የጉዱ ካሳ ሙግት የሚሰማን በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ የዛሬዎቹን ብዙ የትረካ ቻናሎች መስማት ይከብዳል። ከጀርባ የተለቀቀው ሙዚቃ ቃሉን ይውጠዋል፤ አንባቢው ምዕራፉን ለመጨረስ ይቻኮላል። ድምፅ አላጡም፤ ጽሑፉን አስቀድመው አላነበቡትም።

ለትንንሾቹ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ጫኑላቸው። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር የፈጠሯት አሻንጉሊት ቀጭኔ በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሽልማትን አግኝታለች። በእጅ የተሠራች መሆኗ ያስታውቃል፤ ልጆች የሚወዷትም በዚሁ ይመስለኛል። ዝግጅቱ በአፋን ኦሮሞም መቅረቡ ለሪራ ትልቅ ነገር ነው።

ይኸን ደግሞ በዋዛ አላልፈውም። በሪራ ቤቶች እናትና ልጅ የሚጨዋወቱት በአፋን ኦሮሞ ነው። «ላምብ» ከንግግሩ ምስሉ ስለሚበረታ አማርኛ የማይሰማውም ሰው ይከተለዋል። ወጋየሁን ግን አጠገብ ሆኖ የሚተረጉም ሰው ካልኖረ አያት አትሰማውም። ለእሷ በአፋን ኦሮሞ የሚተርክ ያስፈልጋል። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ ላይ ነው፤ በአካባቢው ጥሩ ድምፅ ያለው፣ ስልኩ የሚቀዳለት ወጣት ሞልቷል። ከእናንተ አንዳችሁ ዛሬ ማታ የወጋየሁን አንድ ክፍል እስከ መጨረሻው ስሙ፤ የት የት እንዳረፈ አስተውሉ። ከዚያ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ አንድ ጥሩ ልብ ወለድ ምረጡ፣ ሁለት ጊዜ ለራሳችሁ አንብቡት፣ በሦስተኛው ቅዱት። ሙዚቃ አትጨምሩበት።